በይፋግ ስም የበራች መብራት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ማርታ ከአሮጌው ስልኬ ወደ አዲሱ ቁጥሮች ስታዛውርልኝ አንድ ስም ላይ ቆመች። «አባዬ፣ ጋሽ ይርጋ አርፈዋል አላልኸኝም? ልሰርዛቸው?» ጣቷ መሰረዣው ላይ ነበር። ስልኩን ከእጇ ቀማኋት። ደንግጣ አየችኝ፤ እኔም በራሴ ደነገጥሁ። የሞተን ስም ከዝርዝር ማውጣት ቀላል ነገር ይመስላል። ለእኔም አንድ ጊዜ መስሎኝ ነበር።

ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ክፍል ከተቀጠርሁ ገና ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ይርጋ ነበሩ። የማሽኑ ክፍል ስለሚበርድ ጥቁር ሹራባቸውን በግንቦት ሙቀት እንኳ አያወልቁም፤ ከተማው ሁሉ ላቡን ሲጠርግ እሳቸው ሹራብ ለብሰው ማንጎ ይገዛሉ፣ እኛም ከኋላ ሆነን እንስቃለን።

የኮሌጁ መረጃ በሙሉ አንድ የብረት ሳጥን ውስጥ በተደረደሩ ድራይቮች ላይ ነበር። የትኛው ድራይቭ የየትኛው ሰርቨር እንደሆነ የሚያሳይ ፕሮግራም ነበረን፤ በግራ የሰርቨሮቹ ስም፣ በቀኝ የድራይቮቹ ቁጥር፣ መሃል ላይ የሚያገናኛቸው መስመር። መስመሩን ማጥፋትም ወደ ሌላ ማዞርም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለሰርቨሮቹ ጋሽ ይርጋ የአገራቸውን ከተሞች ስም አውጥተውላቸዋል፦ ይፋግ፣ ማክሰኝት፣ ወረታ። ከእነዚህ ውስጥ ይፋግ እኔ ከመቀጠሬ በፊት በመብረቅ ተቃጥሏል። ሬሳው ደረጃው ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ስለነበር በየቀኑ በአጠገቡ አልፍ ነበር።

ነሐሴ ላይ ጋሽ ይርጋ ዘመድ ሞቶባቸው ወደ ገጠር ለቅሶ ሄዱ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «እኔ እስክመለስ መስመሮቹን እንዳትነካ» አሉኝ። «ቢቸግርህም ጠብቀኝ።»

በማግስቱ ሬጅስትራሩ መጣ፤ የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ሊጀመር ነው፣ ቦታ ሞልቶበታል። ጋሽ ይርጋ ጋ ደወልሁ፣ ስልካቸው አይሠራም። ዝናቡ ሳያባራ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ከፋሲሎ ሰፈር በእግሬ ስመጣ ሐይቁ ጭቃ መስሎ፣ ከወዲያ ያለው ዳርቻ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ምን ያህል ጎበዝ እንደሆንሁ ለማሳየት ከዚያ የተሻለ ቀን የሚመጣ አልመሰለኝም።

ፕሮግራሙን ከፈትሁ። ድራይቭ ሰባት በይፋግ ስም ተይዟል። ለሞተ ማሽን የተያዘ ቦታ፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ግን ከስሙ ጎን አረንጓዴ መብራት በርታለች። አረንጓዴ ማለት ሰርቨሩ በሕይወት አለ፣ ድራይቩንም አሁን እያነበበ ነው ማለት ነው። የሬሳ መብራት ለምን ይበራል? ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንድ ደቂቃ ያህል መብራቷን አየኋት። ፕሮግራሙ ቢያረጅ ነው ብዬ መስመሩን አጠፋሁት። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። ድራይቩን ለሬጅስትራሩ ሰርቨር ሰጠሁና ለአዲስ ሥራ እንዲሆን በላዩ ያለውን ሁሉ ጠረግሁ።

ሻይ ጠጥቼ ስመለስ መምህርት ሰዒዳ ውኃ የሚንጠባጠብ ጃንጥላ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። የወረታ ከተማ ነጋዴ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ በጣና ዳር እየዞረች የሽማግሌዎችን ወግ በድምፅ ስትቀዳ ኖራለች። «ማክሰኝት ላይ ያለው ሥራዬ አልከፈት አለኝ» አለች። ማክሰኝትን አልነካሁትም ልላት ስል አረንጓዴዋ መብራት ትዝ አለችኝ።

ምን እንደተሠራ የገባኝ ጋሽ ይርጋ ሲመለሱ ነው። ይፋግ ሲቃጠል ከድራይቮቹ ጋር የምታገናኘው ካርድ ተርፋ ነበር። አዲስ ካርድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ እኛ ጋ ደግሞ ትንፋሽ ያለው ዕቃ አይጣልም። ጋሽ ይርጋ ከሞተው ማሽን ነቅለው ማክሰኝት ላይ ሰኳት። ሳጥኑ የሚያውቀው ካርዷን እንጂ ማሽኑን አይደለም፤ ስለዚህ ማክሰኝት ድራይቭ ሰባትን በሟቹ ስም ሲያነብ ኖረ። ስሙን ነገ አስተካክለዋለሁ ሲሉ ዓመት አለፈ።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። እኛ የምንለቅመው ጥቂት ነበር፤ ግማሹ ወግ በሰዒዳ ካሴቶች ላይ ተገኘ። ከጠፋው ውስጥ ግን አንዱ ባለፈው ረመዳን የሞቱት የአባቷ ድምፅ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «እዚህ ያስቀመጥሁት እኮ ቤት ውስጥ ይጠፋብኛል ብዬ ነው» አለችና ጃንጥላዋን ረስታ ሄደች።

ጋሽ ይርጋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። «መብራቱ በርቶ ነበር?» አሉኝ።

«አላየሁም» አልሁ።

ፕሮግራሙ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። እሳቸው መዝገቡን ወደ ታች እያወረዱ አነበቡ፤ ከዚያ ዘወር ብለው ብዙ አዩኝ። «እሺ» አሉ። «ስሙን ባለማስተካከሌ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ለኮሌጁ ደብዳቤ ጻፉ። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ወንበራቸውን ኮሌጁ ለእኔ ሰጠኝ፤ አፍሬ እንኳ እምቢ አላልሁም። ከዚያ ወዲህ እስኪያርፉ ድረስ መንገድ ላይ ባየኋቸው ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ እል ነበር። ሰላምታ ተሰጣጥተን እንለያይ ነበር።

ያን ቅዳሜ ስልኩን ለማርታ መለስሁላትና «ዝም ብለሽ አትሰርዢ። ደውለሽ ማን እንደያዘው ጠይቂ» አልኋት። ደወለች። ጠራ። ጆሮዬ ላይ ለጠፈችልኝ።

«ማን ልበል?» አሉ ባለቤታቸው፣ እትዬ አስካለ። ስሜን ነገርኋቸው።

«ይርጋ ይጠብቅህ ነበር» አሉኝ። «‹አንድ የሚነግረኝ ነገር አለ፣ ይመጣል› ይል ነበር። እስከ መጨረሻው። ምን ነበር?»

ማርታ አፍ አፌን ታየኛለች። «መብራቷን አይቻት ነበር» አልኋቸው። ምን እንዳልሁ የገባቸው አይመስለኝም። እሳቸው ግን ገብቷቸው ይሁን ለጨዋነት «እሺ» አሉኝ፣ ልክ እንደ ባላቸው፤ እኔም ያቺ ቃል ይህን ያህል ዓመት ምን ያህል እንደከበደችኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።