ለጥርሷ ያጨበጨብንበት ቀን

ትናንት ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመን፣ የአማርኛ መምህራችን አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ፊት ወጡና ስሜን ጠሩ። ስለ ሰሊጥ አጨዳ የጻፍሁት ድርሰት ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ተመርጦ በወላጆች ቀን ሊነበብ ነው። የማነብበውም እኔው ራሴ ነኝ፣ በድምፅ ማጉያ!

በጣም ደስ ሲለኝ ምን እንደምሆን እስከ ትናንት አላውቅም ነበር። ለካስ እንቀጠቀጣለሁ። ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ የግቢው ኒም ዛፍ ቅጠሉ አይነቃነቅም፤ እኔ ግን ከጉልበቴ እስከ መንጋጋዬ ተንቀጠቀጥሁ፣ የክንዴ ፀጉር ቆመ። ከጎኔ የተሰለፈችው ልጅ አየችኝና፣ "ኧረ ይችን ልጅ ወባ ያዛት!" አለች።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ክፍል ገብቼ ቁጭ ስል ግን ደስታዬ የት እንደገባ ጠፋኝ። እሷ መጣችብኝ።

እሷ የምላችሁ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንደጨረስን፣ ሹፌሩ አጎቷ ሰሊጥ ጭኖ ጎንደር ሲወጣ ይዞን ሊሄድ፣ ከተመቸውም ሐይቁን ሊያሳየን ቃል ገባልን። ሦስት ነበርን፤ እሷ፣ እኔና የወፍጮ ቤቱ ልጅ። ሦስታችንም መተማ ተወልደን ያደግን፣ ከገንዳ ውሃ አልፈን የማናውቅ። እናቷ ዳቦ ቆሎ በሻንጣ ሞልተው ሰጡን።

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ጋቢናው ውስጥ ተጠባብቀን ተቀመጥን። ናፍታ ይሸታል፣ ከኋላ ደግሞ የሰሊጡ ጆንያ፣ ያ ቅባት ቅባት የሚለው ሽታው። አጎቷ ሞተሩን አስነሥቶ ዞር አለና፣ "ያላ! የመተማ ወይዛዝርት፣ በሩን ጠበቅ አድርጉት፤ አንዳችሁ ብትወድቁ ለጅብ ነው የምተዋችሁ" አለን። ወያኔም ፋኖም ወታደርም አልነበረም የምናስበው፤ መንገዱ ክፍት ነበር፣ እኛም ሥራ ፈት ነበርን። ጓንግ ወንዝ ዳር ወርደን እግራችንን ነከርን። የሽመል ቀርከሃ የሞላበትን ተራራ ስንወጣ ጆሯችን ተደፈነ፤ እሷ "የተናገራችሁት ሁሉ ከጎረቤት ቤት ይመስላል" እያለች ታስቀናለች።

አይከል ስንደርስ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ጣለ። ምን ልበላችሁ! እኛ በረዶ የምናውቀው በላስቲክ ታስሮ ከሱቅ የሚገዛውን ነው። ከሰማይ በነጻ ሲወርድ ስናይ እየጮህን ከጋቢናው ዘለልን፣ አፋችንን ከፍተን ቆምን። ከዚያ ብርዱ መጣ። በስስ ቀሚስና በነጠላ ጫማ ነበርን። እየተንቀጠቀጥን ሻይ ቤት ገባን፤ ባለቤቲቱ አይታን፣ "ምነው እናንተ ልጆች፣ እንዲህ ተራቁታችሁ? ከየት ነው?" አለች።

"ከመተማ።"

"አይ ቆላ! በሉ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ።"

ሻዩ ሲገባልን እኔንና የወፍጮ ቤቱን ልጅ መንቀጥቀጡ ተወን። እሷን አልተዋትም። መንጋጋዋ አልያዝ አላት፣ ጥርስና ጥርሷ ይጋጫል። እሷ ግን እሷ ናት፤ "ስሙኝማ፣ ጥርሴ እስክስታ ወረደ!" አለች።

የወፍጮ ቤቱ ልጅ ምቱን ያዘችና ማጨብጨብ ጀመረች። እኔ ተቀበልሁ። አጎቷ ተቀበለ። ሻይ የሚጠጡት ሰዎችም ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ። እሷ ትከሻዋን ጨመረችበት። እስክናለቅስ ሳቅን።

ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አለ።

መተማ ቢሆን ኖሮ ማንም አያጨበጭብም ነበር። እኛ አገር ሰው ሲንቀጠቀጥ ሕፃን ልጅ እንኳ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ደግፎ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። እዚያ ግን ብርድ ነበር። እኛ ደግሞ ብርድን አይተነው አናውቅም። ሰው ሲበርደው ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ በምን እንወቅ?

አዘዞ የአጎቷ ዘመዶች ቤት አደርን። ጋቢ አለበሷት፣ በነጭ ሽንኩርት የፈላ ሻይ አጠጧት፣ "ደጋ ገብቷት ነው፣ ትለምደዋለች" አሉ። ልንተኛ ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ትንፋሿ ይፋጃል።

"ለጋሼ እንዳትነግሪው።"

"ምኑን?"

"ራሴን እንዳመመኝ። ከሰማ ነገ በጠዋት ይመልሰናል፣ ሐይቁን ሳናይ። ማርያምን በይ።"

"ማርያምን" አልሁ።

በነጋታው ምንም አልነበረባትም። እውነቴን ነው፣ ከሁላችንም ቀድማ ተነሥታ ፊቷን ታጥባለች። ጎንደር ገባን፤ የፋሲል ግንብን ደረጃ እየሮጠች ወጣች፤ አስጎብኚው ታሪክ ሲያወራ እሷ በመስኮቱ ብቅ ብላ ለማታውቀው ሰው ሁሉ እጇን ታውለበልባለች። አጎቷ ደምቢያ ሽምብራ ሊጭን ነበረና፣ "ከዚህማ ከደረሳችሁ" ብሎ ጎርጎራ ወሰደን።

ሐይቁን ስታይ ዝም አለች። ዝም ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እርጥብ ሣርና ዓሣ ይሸታል፣ ውሃው ድንጋዩን ቀስ እያለ ይመታል። ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ገባች። መረቡን የሚጠግን አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር።

"አባባ፣ ማዶው የማን አገር ነው?"

"የማን ይሁን ልጄ?"

"ወታደር የለም? ፓስፖርት አይጠይቁም?"

ሰውየው መረቡን ጥሎ ሳቀ። እኛ ቤት ወንዙን ከተሻገርህ ሱዳን ነው፤ ውሃ ካለ ማዶው የሌላ ሰው ነው ብለን ነው ያደግነው። "ማዶውም እኛው ነን ልጄ" አላት። እሷ አላመነችውም፤ ስንመለስ ሁሉ ዞር እያለች ታያለች።

ወባ አንድ ቀን ትይዛለች፣ አንድ ቀን ታሳርፋለች። ይህን እኔ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ሲሻላት አይቼ፣ እንኳንም ዝም አልሁ አልሁ በልቤ።

በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ከአዘዞ ጀምሮ በጋቢው ተጠቅልላ ተኛች። አይከልን አለፍን። ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን፤ እኔና የወፍጮ ቤቱ ልጅ የተዋስነውን ሹራብ አወለቅን፣ መስኮቱን ከፈትን፣ ላባችን ይንጠባጠባል። ከጋቢው ውስጥ ድምፅ መጣ።

"መስኮቱን ዝጉልኝ። በረደኝ።"

አጎቷ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። መኪናው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። እጁን ዘርግቶ ግንባሯን ዳሰሰና እኔን አየኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ምያለሁ እኮ። ዓይኗ ተከድኗል፣ ፍቀጅልኝ ብላት አትሰማኝም።

"ከአይከል" አልሁ።

"አሁን ካለፍነው?"

"ስንመጣ።"

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናውን እስከ ገንዳ ውሃ ሆስፒታል አከነፈው። ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል አሉ። ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን፣ ማንኛችንንም ሳታውቅ፣ አረፈች። አጎቷ የጎንደርን መንገድ ተወ፤ አሁን የሚጭነው ወደ ገለጉ ነው።

እኔ ደግሞ እናቷን ሸሸሁ። ገበያ ላይ ሳያቸው ሌላ መደብር እገባለሁ። ያን መሐላ ከፊቴ ላይ የሚያነቡት ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ግን ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ወደ እሳቸው ቤት ወሰደኝ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሰሊጥ ያበጥራሉ። "አንች ነሽ? ምነው እንዲህ አደግሽ!" አሉኝ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ጭብጨባውን፣ "ማርያምን" ማለቴን፣ ሁሉንም። ሰፌዱን እያነሡ እየጣሉ ሰሙኝ። ስጨርስ ቀና አሉ።

"ሐይቁን አየችው?" አሉኝ።

"አየችው እትዬ። እስከ ጉልበቷ ገባች።"

"ምን አለች?"

ስለ ማዶውና ስለ ፓስፖርቱ ነገርኋቸው። ሰፌዱን አስቀምጠው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥሁ፤ እየሳቁ ነበር። "የኔ ጉድ! ፓስፖርት!" እያሉ ሳቁ፣ ሳቁና ከዚያ በኋላ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ሆስፒታሉን ነው" አሉ። "ሐይቁን የነገረኝ የለም።"

ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝ። "እሑድ ከሰዓት ጓደኞቿን ሁሉ ጥሪልኝ" አሉ። "ለለቅሶ አይደለም በያቸው።"

እንግዲህ ተጠርታችኋል። አብራችኋት የተማራችሁ፣ ውሃ ስትቀዱ ያገኛችኋት፣ አንድ ቀን እንኳ ያሾፈችባችሁ፣ ኑ። ያሳቀቻችሁን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ምን እንደምትሉ ቢጠፋችሁም ግቡና ቁጭ በሉ። እሳቸው ራሳቸው ይጠይቋችኋል።