ሁለቱ መሐረቦች

ባሌን ጋራዡ በሙሉ «ጠርጥር» ይለዋል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት ከአፉ ስለማይለይ ነው። ሰው ፈገግ ብሎ ሰላም ሲለው «ምን ፈልጎ ይሆን?» ይለኛል። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መኖር ያደክማል፤ አልዋሽም።

ሥራው የከተማ አውቶቡስ መጠገን ነው። የናፍጣ ሞተሮቹ ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ ሲገጠም ጥርጣሬው ደህና ሥራ አገኘ። ጠዋት ጠዋት ነጭ መሐረብ በጣቱ ጠቅልሎ ተራው የደረሰውን አውቶቡስ የጭስ መውጫ ቧንቧ ውስጡን ይጠርጋል። ማጣሪያው ደህና ከሆነ መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ይመለሳል። አጣቢዋ እኔ ነኝና በዚህ አልተጣላንም።

ልጃችን ትኬት ቆራጭ ናት። የምትቀመጥባት ጠባብ ክፍል አውቶቡሶቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ጥግ ላይ ነች። ደረቷ ድሮም ደካማ ነው፤ ዘንድሮ ሳሉ ባሰባት። ሐኪሙ ከጭስ ራቂ ቢላት «አባዬ አውቶቡሶቹ ንጹሕ ናቸው ብሏል» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

አንድ ምሽት ባሌ መሐረቡን የድስት ቂጥ አስመስሎት መጣ። ሾፌሩን ጠረጠረ፣ ነዳጅ ቀጂውን ጠረጠረ፣ ስምሪት ክፍሉን ጠረጠረ፤ እኔንም የማረኝ አይመስለኝም። ያልጠረጠረው ሰው ታላቅ ወንድሙን ብቻ ነበር። ጋሼ የምንለው እሱ የጋራዡ በያጅ ነው። አባታቸው ሲሞት ባሌን ያሳደገው፣ ብየዳም ያስተማረው እሱ ነው።

በመጨረሻ ባሌ አውቶቡሱ ሥር ገባ። የማጣሪያው ቆርቆሮ ተቆርጦ እንደገና ተበይዷል። በመፍቻ ሲያንኳኳው የባዶ ጣሳ ድምፅ ሰጠ። የብየዳው መስመር ጫፉ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ዞሮ ያልቃል። ብየዳውን እንዲያ የሚጨርስ በጋራዡ አንድ ሰው ብቻ ነው። ባሌ ያን ቀን እህል ሳይቀምስ ተኛ።

እሁድ ጋሼ እንደ ወትሮው ምሳ ሊበላ መጣ። ባሌ በሰሃኑ ፋንታ ሁለት የጠቆሩ መሐረቦች አስቀመጠለት።

«ጋሼ፣ በአንዱ ቧንቧ ጠርጌበታለሁ። በሌላው ልጄ ፊቷንና አፍንጫዋን ስትጠርግበት ዋለች። የቧንቧው የትኛው ነው?»

ጋሼ ገባው። «ሾፌሮቹ ማጣሪያው ሞተሩን አፈነው፣ ዳገት አልወጣ አለን እያሉ ነዘነዙኝ» አለ። «አውጥቼ ላጽዳ ስል ስምሪት አውቶቡሶቹን አላቆምም አለኝ። የማጣሪያዎቹን ሆድ አውጥቼ ቆርቆሯቸውን መልሼ በየድኩ። ትንሽ ጭስ ማንን ይገድላል ብዬ ነው።»

«የትኛው ነው አልኩህ እኮ!»

ከጓዳ ልጄ ስታስል ተሰማ። ጋሼ እጁን ወደ አንደኛው ዘረጋና መለሰው።

«አላውቅም» አለ።

እኔ አጣቢዋ አውቅ ነበር፤ ግን ተናድጄ ስለነበር አልነገርኩትም። ደግ አደረግኩ።

በማግስቱ ጋሼ ለኃላፊው ራሱ ተናግሮ የበየዳቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆርጦ አወረደ። ዛሬ አዲስ ማጣሪያ ሲገጠም ባሌ የወንድሙን ብየዳ እያንኳኳ ይፈትሻል፤ ጋሼም ሳይቀየም መብራት ይይዝለታል።

የልጄ ሳል ግን አለቀቃትም። መሐረቧን ለብቻው አጥባለሁ፤ አባቷ አጠገቤ ቆሞ ውሃው ይጠቁር እንደሆነ ያያል።