ወባ ነው ብለው ሸኙኝ

ከወረታ የወጣሁ ሌሊት ባሌ አለባቸው ከአልጋው ተነሥቶ መኪናው ድረስ ሸኘኝ። ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ እርድ መስሏል። «ልጅሽን አርሰሽ ተመለሽ፤ ወባዬን ለኔ ተይልኝ» ብሎ አሳቀኝ። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚዘራ ሰው በወባ ቢጠወልግ ማን ይደነግጣል? ባሕር ዳር ወስደው ያስመረመሩት ታናሽ ወንድሙ መሪጌታ ፈንቴም «ወባ ነው እትዬ፣ ይሂዱ» ብለውኛል። ሄድሁ።

ጀርመን የደረስሁት ልጄ ዝናሽ በወለደች ማግስት ነው። እልል የሚል የለም፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። እኛ እንጀራ የምናደርገውን ሩዝ በወተት ቀቅለው ስኳር ነስንሰው ይበሉታል። ዝናሽ ከአራስ ቤት ሳትወጣ የአለባቸው መርዶ መጣ። ከተቀበረ ሰንብቷል። ወዴት ልመለስ? ቀረሁ። ለቅሶው ላይ «ባሏን አልጋ ላይ ጥላ ሄደች» መባሌን ሰምቻለሁ። መሪጌታም እዚያው ተቀምጠው ነበር አሉ። አፋቸውን አልከፈቱልኝም።

ዘንድሮ ድካም ሲጫወትብኝ ዝናሽ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ እሷ ትጠይቃለች፣ ዝናሽ ታስተረጉማለች።

«አልኮል ይጠጣሉ?»

«ጠላ።»

«በሳምንት ስንት ጊዜ?»

«ለየትኛው ታቦት?» አልሁ።

«እማዬ፣ ቁጥር ነው የፈለገችው» አለች ዝናሽ።

«ታቦቱን ትቁጠራ!»

ሌላ ቀን የደሜን ውጤት ይዛ ጠራችን። «ባለቤትዎ በምን ሞቱ?» አለች።

«በወባ።»

«ዓይናቸው ቢጫ ነበር? ሆዳቸውስ አብጦ ነበር?»

ስታስተረጉም የዝናሽ ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። ደሜ ውስጥ የተገኘው የጉበት ቫይረስ ነው። ከባል ወደ ሚስት፣ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል። «ያኔ ሚስቱም ልጁም ይመርመሩ ያለ አልነበረም?» አለች ሐኪሟ። እዚህ አገር በሽታን ለባለቤቱ ፊት ለፊት ይነግሩታል፤ ሽማግሌ አይልኩም፣ ቀስ በቀስ አያለማምዱም። እስከዚያ ቀን ጭካኔ ይመስለኝ ነበር።

ዝናሽና ልጇ ተመረመሩ፤ ነፃ ናቸው። የኔም ለጊዜው ተኝቷል፣ እየተከታተልን እናየዋለን አሉኝ። የነሱን ውጤት እንደሰማሁ ወረታ ደወልሁ።

«መሪጌታ፣ አለባቸውን የገደለው ጉበቱ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«እትዬ! ብርዱ እንዴት ነው? በረዶው በረታ?»

«በረዶውን ይተዉት።»

«አውቅ ነበር» አሉኝ።

«ቢነግሩኝ እሄድ ነበር?»

«አይሄዱማ።»

«ጥላው ሄደች ተብዬ ስታማስ? ምነው አንዲት ቃል ጠፋዎት?»



«ከሐኪም ቤት ስንወጣ ‹ምን አሉህ?› ብሎ ጠየቀኝ። ወባ ነው አልሁት። ዓይን ዓይኔን አየኝና ‹በል ለሷም እንደዚሁ ንገራት፤ ትሂድ› አለኝ። እኔ ምን ላድርግ እትዬ?»

ለሳቸው ያዘጋጀሁት ስድብ ነበር። ስንት ዓመት ስመርጠው የኖርሁት። አንዱም አልመጣልኝ። አለባቸውን ልቆጣው ፈለግሁ፤ ጋቢውን ደርቦ መኪናው አጠገብ ሲንቀጠቀጥ ከማየት በቀር ምንም ማሰብ አቃተኝ።

«ሃሎ?» ይላሉ መሪጌታ። «ሃሎ? እትዬ፣ አሉ? ኔትወርኩ ነው መሰለኝ።»