የአውጫጭኙ ወፍ

ባለፈው ሳምንት አውቶቡሳችን ሉማሜ ላይ ለሻይ ሲቆም፣ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ የጎረቤቱን ሌብነት ያወራልኝ ጀመር። «አይተኸዋል?» አልኩት። «ኧረ አገር ያወቀው ነው፤ ሁሉም ይላል» አለና ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነከረ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ይህ «ይላል» የሚሉት ነገር ይቀፈኛል። ከራሴ አፍ ስለማውቀው ነው የሚብስብኝ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ጨርሼ አምበር አጠገብ ወዳለው መንደራችን ተመልሻለሁ። ኅዳር ነው፤ ጤፉ ነጥቶ አጨዳ ይጠብቃል፣ መንገዱ ከጭቃ ወደ አቧራ ዞሯል። የአንድ ጎረቤታችን በሬ ተሰርቆ ነበርና፣ ከገበያ መልስ የባቄላ እሸት እየፈለፈልኩ ለአባቴ «አያ ስማቸው በሬ ሲነዳ ታይቷል ይላሉ» አልኳቸው። ማን እንደነገረኝ እንኳ አላስታውስም። አያ ስማቸው ከወንዝ ማዶ የሚኖር ዝምተኛ ገበሬ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ለሐሜት ይመቻል። አፌን በቆረጠው!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር መንደርተኛው በሙሉ ይሰበሰባል፤ የሚያውቅ ሰው ለተመረጡ ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል፤ እነሱም «ወፍ ነገረችን» ብለው ስሙን ያወጣሉ። ወፏ እንዳትጠቃ ማንነቷ አይገለጥም። ሲያወሩት መልካም ሥርዓት ነው። እኔም ፊደል ቆጥሬያለሁና ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረግሁ።

አባቴ ተነሥተው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የሚነግሯቸው እኔ ያወራሁላቸውን ነበር። «ይህ እኮ የገበያ ወሬ ነው!» ማለት ነበረብኝ። ግን አባቴን በሰው ፊት እንዴት ላዋርዳቸው? ወረቀቴ ላይ አጎነበስኩ።

«ወፏ ሌባው ስማቸው ነው ብላለች» አሉ ዋናው ሽማግሌ። «በሬውን ሲነዳ በዓይኗ አይታዋለች።»

አያ ስማቸው ጋቢውን አደግድጎ ተነሣ። «አየሁ የሚል ካለ ፊቴ ይቁም። የት አየኸኝ፣ መቼ አየኸኝ፣ በሬው ምን መልክ ነበር ብዬ ልጠይቀው። ሌላ አልለምንም።»

«ወፍ ፊት ለፊት አትቆምም፣ ስማቸው። ያባቶች ሥርዓት ነው።»

«እና ከማን ጋር ነው የምሟገተው? ከነፋሱ ጋር?»

ሰው ሳቀ። እኔ ጻፍኩ።

ፖሊስ ያንን ወረቀት ይዞ አያ ስማቸውን ወሰደው። ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ሽማግሌዎቹ ቀርበው ወፏ ያለችውን መሰከሩ። ዳኛው «እናንተስ በዓይናችሁ ያያችሁት አለ?» ሲሏቸው «ያየችውስ ወፏ ናት» አሉ። አያ ስማቸው በነጻ ተለቀቀ፤ ግን ታስሮ በከረመበት ጊዜ ጤፉ ማሳው ላይ ረግፏል። መንደሩም አልለቀቀውም። ወፍ አትዋሽም ተብሎ ለደቦ የሚጠራው ጠፋ፣ የጽዋ ማኅበሩም አስወጣው። ቤቱን ነቅሎ ደብረ ኤልያስ ገባ። በሬውን ማን እንደሰረቀው ዛሬም አይታወቅም።

አምና፣ አባቴ ካረፉ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ለአያ ስማቸው እውነቱን ልነግረው ቆርጬ ደብረ ኤልያስ ሄድኩ። አርጅቷል። በደስታ ተቀበለኝ፤ በእጁ አጎረሰኝ። ከዚያም «አንተ ጸሐፊያቸው ነበርህ፤ ለመሆኑ አየሁት ያለው ማን ነበር?» አለኝ።

«ማንም አላየም፣ አያ ስማቸው» አልኩት።

እውነት ነው። ወሬው ከእኔ አፍ መውጣቱን የሸሸግሁትም በዚሁ እውነት ነው። ዘንድሮ ማረፉን ሰማሁ። ያ ጉርሻ ትዝ ባለኝ ቁጥር ራሴን እጸየፋለሁ። ፊቴ ይቁም ብሎ የለመነው ምስክር ሁለት ጊዜ ፊቱ ተቀምጧል፤ ሁለቱንም ጊዜ አላወቀውም።