የግመሏ ፋይል

በአርባ ስምንት ዓመቴ ሥዕል ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜ እኩዮቼን የሚጀምራቸው ስኳር ስለሆነ ቤተሰቤ ተመስገን ብሎ ዝም አለኝ። ጅጅጋ ገበያ ገብቼ ከነእስክሪብቶዋ አንዲት ታብሌት ገዛሁ። ሻጩ "ወላሂ፣ ይቺ ራሷ ነች የምትስለው" አለኝ። አንድ ወር ጠበቅኳት፤ አልሳለችም። ከዚያ እኔው ለመጀመር ተገደድኩ።

ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። እዚሁ ጅጅጋ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ደብዳቤ ይመጣል፤ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ፋይል ውስጥ እከተዋለሁ፣ ፋይሉን መደርደሪያ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያገኘውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከኔ ክፍል አንድ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። አይገኝም እንጂ አይጠፋም።

ምሳ ሰዓት ላይ ታብሌቷን አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የሻይ ፐርሙዝ እስላለሁ። አንድ ቀን የግቢያችን ጥበቃ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ኤረር ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። ቢሮው በሙሉ "አዴር" ነው የሚላቸው፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ኃላፊያችንን ጨምሮ ሁላችንንም "ዋሪያ" ይሉናል፤ አንተ ሰውዬ እንደማለት።

"ዋሪያ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ፐርሙዝ ነው አዴር።"

"አሞታል?"

"ገና እየተለማመድኩ ነው።"

አንገታቸውን አዘንብለው ትንሽ አዩት። "ግመልስ ትችላለህ?"

አፌን ማን ይያዝልኝ! "ፐርሙዝ የቻለ ሰው ግመል ያቅተዋል?" አልኳቸው።

አዴር ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ያኔ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ። ኤረር አንዲት ግመል ነበረቻቸው። ሃያ ዓመት የታለበች፣ ልጆቻቸውን በወተቷ ያሳደገች። በድርቁ ጊዜ ሞተች። ፎቶ የላትም። ማን ግመሉን ፎቶ ያነሳል? ነገ ከነገ ወዲያም እዚያው ናት ብሎ ነው ሰው የሚያስበው።

"ትልልቆቹ የልጅ ልጆቼ ያውቋታል" አሉ። "ትንንሾቹ ግን ስሟን ነው የሚያውቁት። ግመሌ እንዲህ ነበረች ስላቸው የሌላ ሰው ግመል እያዩ እሺ ይሉኛል። ወሩ ሲያልቅ ጡረታ እወጣለሁ፤ ጠቅልዬ ወደ ኤረር ነኝ። ያን ቀን ይዣት ብሄድ ደስ ይለኛል።"

"ሥዕሏን" አላሉም፤ "ይዣት" ነው ያሉት። እኔም "ችግር የለም አዴር" አልኩ። ፐርሙዝ መሳል ያቃተው ሰው ነው ይህን ያለው፣ እንዳትረሱ።

ጅጅጋ ተወልጄ፣ ጅጅጋ አድጌ፣ በሕይወቴ ስንት ሺህ ግመል በአጠገቤ እንዳለፈ አልቆጠርኩም። ለመሳል ስቀመጥ ግን የግመል ጉልበት ወደየት እንደሚታጠፍ አላውቅም። አባቴም ሳያውቅ ነው የሞተው መሰለኝ። ቢሆንም መሳሌን አላቆምኩም፤ እያንዳንዱን ሙከራም ለብቻው ፋይል እያደረግኩ አስቀመጥኩ። "ግመል"፣ "ግመል ሁለት"፣ "ግመል የመጨረሻ"፣ "ግመል የእውነት የመጨረሻ"።

የኮምፒውተር ክፍላችን ባለሙያ አንዲት የጅጅጋ ልጅ ነች፤ ምላሷ ምላጭ ነው። እኔ "አባዮ" እላታለሁ፣ እህቴ ማለት ነው፤ እሷ "ጋሼ" ትለኛለች፣ አንዳንዴ በአክብሮት። ታብሌቷን አይታ ራሷን ያዘች።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው? ግመል ነው የምትስለው ወይስ የግመል ገበያ ነው የምታስተዳድረው?"

"ምን ላድርግ አባዮ፣ አንዱ ሌላውን እንዳያጠፋብኝ ብዬ ነው።"

"አንድ ፋይል ውስጥ ብዙ ገጽ መክፈት ትችላለህ እኮ። እንደ ደብተር።" ሁለት ቦታ ነካች፤ ከሥር ትንንሽ ገጾች እንደ ካርታ ተደረደሩ። "በየቀኑ አዲስ ገጽ። ገጹን በጣትህ ይዘህ ወደፈለግክበት ትወስደዋለህ። አንዱን ገጽ አባዝተህ በቅጂው ላይ መሥራትም ትችላለህ። ሳምንቱ ሲያልቅ እንዲህ ገልበጥ ገልበጥ እያደረግክ ለውጥህን ታያለህ። ገባህ?"

ገባኝ ወይ! የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ እኮ። ለተራበ ሰው መሶብ ነው ያሳየችኝ።

እዚያው ማታውን ሽፋን ገጽ ሠራሁ። ሽፋን ያለው ነገር ማውጫ ያስፈልገዋል ብዬ ማውጫ ጨመርኩ። ክፍል አንድ፣ እግር። ክፍል ሁለት፣ አንገት። ክፍል ሦስት፣ ሻኛ። ክፍል አራት፣ ልዩ ልዩ። ለእያንዳንዱ ክፍል መለያያ ገጽ፤ መለያያው ባለቀለም። በየገጹ ራስጌ ላይ ቁጥርና ቀን። ከግርጌ "ግልባጭ፦ ለራሴ" ብዬ ጻፍኩ። ቀልድ አይደለም፤ እጄ ለምዶት ነው። በመጨረሻም ነገር አይታወቅም ብዬ አሥራ ሁለት ባዶ ገጽ ከፍቼ "ለወደፊት የተያዘ" አልኩበት።

አሥር ቀን ይህን ስሠራ ቆየሁ። ስልሳ ገጽ ሞላ። ግመሏ ገና አልመጣችም።

አዴር በር ላይ ባየኋቸው ቁጥር "ደረሰች?" ይሉኛል። "በሂደት ላይ ነች" እላለሁ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከዚያ በእውነት መሳል ጀመርኩ፤ ግን እንደ ሰው አይደለም። የመጀመሪያዋን ግመል እንደ ምንም ጨረስኩ፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ትሆናለች። ታዲያ በየቀኑ ከዜሮ ምን አለፋኝ? ያቺን ገጽ አርባ ጊዜ አባዛሁና በየቅጂው ላይ አንዴ እግሯን፣ አንዴ አንገቷን፣ አንዴ ሽፋሽፍቷን አሳምር ጀመር። ፎርም አባዝቶ መሙላት ማለት ነው። ሃያ ዓመት የኖርኩበት ነው።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አዴርንና አባዮን ምሳ ሰዓት ላይ ጠርቼ ፋይሉን መረቅኩ። አባዮ ሽፋኑንና ማውጫውን አየች።

"ጋሼ፣ ይሄ ልምምድ ነው ወይስ ዓመታዊ ሪፖርት?"

"ቅናት ነው" አልኳት።

"እስቲ ለውጥህን እንየው" ብላ በጣቷ ቶሎ ቶሎ ገልበጥ ገልበጥ ታደርገው ጀመር። አርባ ግመል በዓይናችን ፊት አለፈ። እግር ይወፍራል፣ ይቀጥናል፤ ሽፋሽፍት ይረዝማል። ሻኛው ግን ንቅንቅ የለም። ከመጀመሪያው እስከ አርባኛው እዚያው በተሳሳተ ቦታው ላይ፣ እንደ ቋሚ ሠራተኛ።

አዴር ጠጋ አሉ። "ይሄ ሻኛዋ ነው ጭነቷ?"

"ሻኛዋ ነው።"

"ዳሌዋ ላይ ምን ይሠራል?"

አባዮ በእጇ አፏን ይዛለች።

"አረማመዷም" አሉ አዴር ቀስ ብለው፣ "የፈረስ ነው። ግመል የቀኙን እግር ከቀኙ ጋር ነው የምታነሳው፣ የግራውን ከግራው። ይቺ እንዲህ ብትራመድ ኤረር ሳትደርስ ትወድቃለች።" ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሰው ሲበሳጭ ይሻላል። "ግድ የለም ዋሪያ። ደክመሃል። ቁጥሩ ግን ጥሩ ነው" ብለው ወደ በራቸው ሄዱ።

ቁጥሩ ጥሩ ነው! ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም።

አባዮ መሳቋን ተወች። "ጋሼ፣ አንድ ስህተት አርባ ጊዜ ነው የተለማመድከው።"

"አይቻለሁ።"

"አጥፋውና አዲስ ጀምር።"

"ላጥፋው?" አልኳት። መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀት አይቀደድም። ቄስን ጾም ፍታ እንደማለት ነው።

አላጠፋሁትም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ታብሌቷን ይዤ ወደ አዴር በር ወረድኩ። የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ሻንጣቸው ከወንበራቸው ሥር ተቀምጧል።

"አዴር፣ እኔ ግመልዎን አላውቃትም። ይንገሩኝ፤ እርስዎ እያወሩ እኔ ልሳል።"

"ጊዜ አለህ?"

"አሥራ ሁለት ባዶ ገጽ አለኝ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ቁጥር ሳልጽፍ፣ ቀን ሳልጽፍ መጫር ጀመርኩ። "ግራ ዳሌዋ ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል" አሉ። ሳልኩ። "ጭራዋ አጭር ነው፤ በልጅነቷ ጅብ ነክሷታል።" ሳልኩ። ዓይናቸውን ገልጠው ያያሉ፤ "አይደለችም" ይላሉ፤ እኔ ወደሚቀጥለው ገጽ። የድሮውን ገጽ አላባዛሁም፤ በባዶው ላይ እንደገና። "እግሯ ሲነሳ መዳፉ ከኋላ ይታያል፣ ሰፊ ነው፣ ለሁለት የተከፈለ።" ደግሞ አዲስ ገጽ። በበሩ ገቢና ወጪው ቆሞ ያየናል፤ አንዱ ሾፌር "ማን ማንን እየፈተነ ነው?" ብሎ አለፈ።

ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው የነቃሁት። አዴር ፊቷን አንዴ እንኳን አልነገሩኝም። ሽፋሽፍቷ ላይ ስንት ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው የሚያዩት ኋላዋን ነው።

"አዴር፣ እርስዎ የት ነው ያሉት?"

"ከኋላዋ ነዋ" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ጠዋት ወደ ግጦሽ ስትሄድ ከኋላዋ ነው የምሄደው። ሃያ ዓመት። ሌላ የት ልሁን?"

እስከዚያ ድረስ በጎን ነበር የምስላት፤ ፎርሙ እንዲያ ነዋ። አዞርኳት። ስምንተኛው ገጽ ሰባራ ወንበር መሰለ፤ ዘጠነኛው ትንሽ ተሻለ። አሥራ አንደኛው ላይ ግራ ዳሌዋ ዝቅ አለ፣ የቀኝ እግሮቿ አብረው ተነሱ፣ አጭሯ ጭራ ወደ ጎን ተወረወረች። አዴር ዓይናቸውን ገልጠው ሲያዩ "አይደለችም" አላሉም። እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ሊነኩ ሲሉ ሰበሰቡት፤ እንዳይጠፋባቸው የፈሩ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ አባዮ በትልቅ ወረቀት አሳትማ በጥቅል አመጣችልኝ። "ፊት የላትም እኮ ጋሼ" አለችኝ። "አውቃለሁ" አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት አዴርን መናኸሪያ ሸኘሁ። ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ኤረር ሌላ መኪና ይይዛሉ። ሻንጣቸውን ወደ ላይ ሰጡ፤ ጥቅሉን ግን ለረዳቱ አልሰጡም። መኪናው እስኪሞላ ጭናቸው ላይ ፈቱት። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰውዬ፣ ከአነጋገሩ ግመል አዋቂ ነኝ ባይ፣ አንገቱን አሰገገ።

"ጥሩ ነው አዴር" አለ። "ግን ዳሌዋ ተጣሟል። ሰዓሊው አልቻለም። ፊቷስ የታለ?"

እኔ ከውጭ ቆሜ አንገቴን ደፋሁ። ልክ ነው፤ ሰዓሊው አልቻለም።

አዴር ወደ ሰውዬው ዞሩ። "ታውቃታለህ?"

"የት አውቄ?"

"እንግዲያ ዝም በል" አሉት። "ዳሌዋ እንዲህ ነው። እኔ ነኝ የማውቃት።"

ሰውዬው "እሺ፣ የማን ነች?" አለ።

አዴር ወረቀቱን ወደሱ አስጠጉና ከጭራዋ ጀምረው ይነግሩት ጀመር። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ገና ጅቡ ላይ ነበሩ።