የወረዳችን ሰዎች ከማን ኋላ እንደቆሙ

በስተቀኝ ነባሩ ፕሬዚዳንት፣ ከኋላው ሠላሳ አራት ሰው እስከ በሩ ድረስ። በስተግራ በመስኮቱ በኩል ተፎካካሪው፣ ቮስሎሩስ የሚባለው ሰፈር ባለሱቅ፣ ከኋላው አንዲት ሴት። እኔ መሃል ላይ፣ ጠረጴዛው ጋ።

ቦታው በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሂልብሮው ሰፈር ያለው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ነው፤ ዕለቱ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ። የአንድ ወረዳ ሰዎች ነን። የመረዳጃ ማኅበራችንን ፕሬዚዳንት የምንመርጠው በድሮው የአገራችን ወግ፣ በሰልፍ ነው፤ ሰው የመረጠው ዕጩ ኋላ ይቆማል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።

የሴትዮዋን ባል ዘራፊዎች ዲፕስሉት ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ ከገደሉት ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። አስከሬኑ ገና ወደ አገር አልተሸኘም። ፕሬዚዳንቱ “ተራ አለ” ሲላት፣ የቮስሎሩሱ ሰው “ሬሳ ምን ተራ ይጠብቃል?” ብሎ ተከራክሮላታል። ስለዚህ ከእሱ ኋላ ቆመች።

“እህቴ፣ መንገድ ጠፋብሽ እንዴ? ሰልፉ በዚህ ነው!” አለ አንዱ።

“ተዋት፣ መስኮቱ ጋ ነፋስ አለ” አለ ሌላው። ሳቁ።

ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

ከሰልፉ በኋላ ስም ይጻፋል። ወረቀቱ ሱቆቻችን ባሉባቸው፣ ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ሁሉ ለተቀመጡት የማኅበሩ ተጠሪዎች ይላካል። የአስከሬን መሸኛ የሚፈቅዱት እነሱ ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን የሚያውቁትም በወረቀቱ ብቻ ነው። ከአሸናፊው ጋር ያልቆመ ሰው ጉዳይ እንዴት እንደሚዘገይ ሁላችንም አይተናል።

እንዲህ ያለ ወረቀት ከዚህ በፊት ጽፌአለሁ። በቀበሌያችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የገበሬ ማኅበሩ ምርጫ ጸሐፊ አደረጉኝ። ያኔ ደጋው ከደገኛ፣ ቆላው ከቆለኛ ኋላ ይቆም ነበር። የሰልፎቹ ቁጥር ስለሚቀራረብ ሽማግሌዎች ሁለት ሦስቴ ይቆጥሩ ነበር። አንድ ዓመት ግን ከበላይ የተላከ ዕጩ መጣ፤ ደጋውም ቆላውም ወደሱ ሄደ። አንድ ሰው ቀረ። አጥር የሚያዋስነን ጎረቤቴ ነበር። ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከሌላው ዕጩ ኋላ ብቻውን ቆመ። ስሙን ጥርት አድርጌ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ተመሰገነ። በሳምንቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

በሚቀጥለው ምርጫ ሁለተኛ ሰልፍ አልነበረም። ወረዳው አንድ ልብ ሆነ ተባለ። ከዓመታት በኋላ ሳጥንና የምርጫ ምልክት ሲመጣም፣ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ሌላው ሁሉ የሚመርጠውን ይመርጥ ነበር። ድምፁ እንደገና የተከፋፈለው ያን ሰው የማያውቁ ልጆች አድገው መምረጥ ሲጀምሩ ነው። ድምፅ ቆጣሪ ነበርኩ። የመጀመሪያውን የተለየ ወረቀት ሳነሳ፣ ሰው ሊወስድ የሚመጣ ያለ ይመስል ሳላስበው በሩን አየሁ።

ጎረቤቴን እዚህም አየዋለሁ። የታክሲ ሰልፍ ወደ ፊት ሲራመድ አንድ ግራጫ ኮት ባለበት ይቀራል። ቀረብ ስል ሌላ ሰው ነው።

“እማማ፣ ይጻፉ እንጂ” አለ ፕሬዚዳንቱ።

በስተቀኝ የቆሙትን ሠላሳ አራቱን ጻፍኩ። በስተግራ ምንም ሳልጽፍ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

“እሷስ?”

“ሐዘንተኛ በሰልፍ አይቆጠርም። የወረዳችን ወግ ነው።”

“እኔ ሰምቼ አላውቅም።”

“አንተ ያኔ አልተወለድክም።”

አንድ ወጣት “ኦኬ፣ እማማ አሸነፉ!” አለ። ሽማግሌዎቹን አየኋቸው። እንዲህ ያለ ወግ እንደሌለ ያውቃሉ። አንዳቸውም አልተናገሩም።

“ታዲያ በግራ ማንም የለም ብለን እንላክ?” አለ ፕሬዚዳንቱ። ፊቱ ፈካ።

ማንም የለም የሚል ወረቀት ወረዳችን ብዙ ጊዜ ልኳል። ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩና ከሴትዮዋ ጎን ቆምኩ። ቀዝቃዛ እጇ እጄን ያዘ። ትንሽ ቆይቼ ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ፤ በስተግራ የራሴን ስም ብቻ ጽፌ ከሥሩ ፈረምኩ።

ወረቀቱን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቼው ወጣሁ።