ወድቆ የሚነሳው ልብስ ሰፊ

ባለፈው ሰሞን ሻሸመኔ መናኸሪያ ውስጥ ወደ አዳማ የምሄድበት መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ ከተቀመጠች ሕፃን ስልክ ውስጥ እየቀጠነ ቁልቁል የሚወርድ ፉጨት ሰማሁ፣ ቀጥሎም የድስት ክዳን ሲሚንቶ ላይ የወደቀ የሚመስል ድምፅ መጣ፣ ልጅቷም ሳቀች። ምን እንደሆነ ለማየት መዞር አላስፈለገኝም። አንድ ሰው ከገደል ወድቋል፤ አሁን ይነሳል።

ያንን ፉጨት የማውቀው ከተማችንን ሁሉም ሰው ናዝሬት ብሎ በሚጠራበት ዘመን፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ እንሄድበት ከነበረው ሲኒማ ቤት ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አርፎ የሚቀመጠው መሪ ሲይዝ ብቻ ነበር። ቤት ሲሆን ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ሬዲዮ ይሰማል፣ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል እናቴ «ኧረ እባክህ አረፍ በል፣ ራሴን አዞርከው» ትለው ነበር። ሲኒማ የሚወስደንም ለዋናው ፊልም አልነበረም። ከዋናው ፊልም በፊት አጭር ካርቱን ይታይ ነበር፣ አባቴ የሚገባው ለእሱ ነበር፤ ካርቱኑ አልቆ የህንዱ ወይም የካራቴው ፊልም ሲጀምር እኔንና ታናሽ ወንድሜን ቶሎሳን ለጓደኛው ለጋሽ ከድር ትቶን ይነሳል፣ እንዲቆይ ብንለምነውም እሺ አይልም፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ውጪ በጋሪዎቹ መሃል እየተንጎራደደ ይጠብቀን ነበር።

ጋሽ ከድር ጎረቤታችን ነበሩ፣ ከአባቴ ጋር አንድ መኪና እየተቀባበሉ ይነዱ ነበር። አባቴ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ የጋሽ ከድር ሳቅ ግን ከሆዳቸው ተንደርድሮ ወጥቶ አዳራሹን ስለሚሞላው፣ ካርቱኑ ያላሳቀው ሰው በእሳቸው ሳቅ ይስቅ ነበር።

አብልጠን የምንወደው የአንድ ቀጭን ልብስ ሰፊና የአንዲት ፍየል ነገር ነበር። ፍየሏ የሰፋውን ሱሪ ትበላበታለች፣ መቀሱን ይዞ ያባርራታል፣ መሬቱ ከእግሩ ስር አልቆ አየር ላይ ሲሮጥ ይቆይና ቁልቁል ያየ ጊዜ ብቻ ይወድቃል። እንደ ቂጣ ይጠፈጠፋል፣ እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል፣ ከዚያ ልብሱን አራግፎ ይነሳል። እርምጃው ሁሉ የራሱ ሙዚቃ ነበረው፣ ጣቱን እንኳ ሲያነሳ ቫዮሊን ይከተለው ነበር። ንግግር የሚባል ስለሌለበት አማርኛ ተናጋሪውም፣ ከወለንጪቲ ለገበያ መጥቶ የገባው ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቀውም እኩል ይስቁ ነበር፤ የህንዱ ፊልም ደግሞ ለሁላችንም እኩል አይገባንም ነበር። እኔን የሚይዘኝ ያ አየር ላይ የሚሮጥበት ጊዜ ነበር። መውደቁን አውቃለሁ፣ መነሳቱንም አውቃለሁ፣ ሆኖም ወንበሩን ጨብጬ እቁነጠነጥ ነበር።

አንድ ክረምት አባቴና ጋሽ ከድር ከመቂ ሽንኩርት ጭነው ወደ ድሬዳዋ ሲሄዱ፣ ከወለንጪቲ ወዲያ ዝናብ ባራሰው መንገድ ላይ መኪናው ተንሸራቶ ገደል ገባ። መሪውን የያዘው አባቴ ነበር። እሱ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ፤ ጋሽ ከድር እዚያው አረፉ።

መስከረም ላይ አባቴ እግሩ በጄሶ ታስሮ ወደ ቤት በመጣ ሰሞን፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባው ቶሎሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «አባዬ፣ ጋሽ ከድር መቼ ነው የሚነሱት?» ብሎ ጠየቀው። እናቴ እጁን ይዛ አወጣችው። ልጁ ክፉ አልተናገረም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከገደል ሲወድቅ ያየው ሁሉ ተነስቶ ነበር። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥቅምትና ኅዳር ቤታችን እረፍት አልነበረውም። አባቴ የአልጋውን ብረት በጣቱ ሲያንኳኳ ይውላል፣ ከአስፋልቱ የመኪና ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር ይባንናል። የጋሽ ከድር ባለቤት፣ እኛ እንደ ኦሮምኛው አዴ ፋጡማ የምንላቸው፣ ሊጠይቁት ሲመጡ የተኛ ይመስል ዓይኑን ይጨፍን ነበር፤ እሳቸውም ያመጡትን ወተት ለእናቴ ሰጥተው ቀስ ብለው ይወጡ ነበር። በክራንች መሄድ ከጀመረ በኋላም በበራቸው ላለማለፍ ያን ሁሉ ሠፈር ይዞር ነበር።

ጥር ውስጥ አንድ እሁድ ምንም ሳያብራራ ልበሱ አለንና በጋሪ ሲኒማ ቤት ወሰደን። የታየው ያው ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ሸራውን ትቼ አባቴን አየው ነበር። ልብስ ሰፊው አየር ላይ ሲሮጥ እጁ ጉልበቱን ጨመቀ። ፉጨቱ ወረደ፣ አዳራሹ ሳቀ፣ ከእኛ ረድፍ ግን ያ ሳቅ አልወጣም። ልብስ ሰፊው ሲነሳ አባቴ ወደ ቶሎሳ ጎንበስ አለ።

«ይሄ ሥዕል ስለሆነ ነው የሚነሳው፣ ልጄ። ጋሽ ከድር አይነሱም።»

ቶሎሳ ትንሽ አሰበና፣ «አዴ ፋጡማ ያውቃሉ?» አለው።

አባቴ ያውቃሉ አለው። በጨለማ በክራንች መውጣት ስላልቻለ ይሁን ስላልፈለገ እንጃ፣ ያን ቀን የህንዱን ፊልም እስከ መጨረሻው አብሮን ተቀመጠ፣ ደህናው እግሩ ግን ወለሉን ሲመታ ነበር።

ስንመለስ ጋሪውን አዴ ፋጡማ በር ላይ አስቆመው። እሳቸው ገርበብ ያለውን በር ከፍተው አስገቡን፣ ወንበር ሰጡት፣ ስለ እግሩ ጠየቁት። ስለ አደጋው ሊናገር አፉን ከፍቶ ብዙ ጊዜ መለሰው። በመጨረሻ የወጣው ሌላ ነበር፤ ሲኒማ ቤት እንደነበርን፣ ጋሽ ከድር የሚወዱት ልብስ ሰፊ እንደታየ ነገራቸው። አዴ ፋጡማ ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም።

«እሱ ሁሌ ታሪኩን ይጀምርልኝ ነበር፣ ጨርሶልኝ ግን አያውቅም» አሉ። «ሳቁ ይቀድመዋል። መጨረሻው ምንድን ነው?»

አባቴ ተነሳ። ክራንቹን ብብቱ ውስጥ አድርጎ፣ ደህናውን እግሩን እያነሳና እየጣለ ሰውየው አየር ላይ እንዴት እንደሚሮጥ፣ ቁልቁል ሲያይ ዓይኑ እንዴት እንደሚፈጥ አሳያቸው። ፉጨቱን ሳይቀር አፏጨው። ከዚያ ይነሳና ፍየሏን ማባረሩን ይቀጥላል አላቸው። አዴ ፋጡማ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ፣ ሲስቁ ቆይተው አለቀሱ፣ አባቴም ክራንቹን ተደግፎ እንደቆመ አብሯቸው አለቀሰ። እኔና ቶሎሳ የምንሆነው ጠፍቶን በሩ ላይ ቆምን። ከዚያ በኋላ በዚያ በር ሳይገባ አልፎ አያውቅም። በልግ ሲመጣም ክራንቹን ጥሎ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

አሁን አባቴ አርጅቷል። አዳማ በሄድኩ ቁጥር በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፣ ጠዋት የተቀመጠበት ላይ ይመሽበታል፣ ለመነሳትም አይቸኩልም። ያኔ ትንሽ እንዲቆይ የምንለምነው እኛ ነበርን። ዛሬ ጨዋታው ገና ሲጥም ሰዓቴን የማየው፣ መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ቦርሳዬን የማነሳው እኔ ነኝ። እሱ ግን በደህና ግቢ ይለኛል እንጂ፣ አንድም ቀን ቆዪ ብሎኝ አያውቅም።